ጥሪው የሚዘገይባቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም ዋልያዎቹ የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከኬፕ ቨርድ ጋር ሲያደርጉ፣ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ከሜዳ ወጣ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊጠናቀቅ ሲል ሁሊዮ ታቫሬስ ያስቆጠራት ግብም ጨዋታውን 1 ለ 0 ቋጨችው። ቀይ ካርዱ ብዙ አነጋግሯል። ሕዝቧ ስድስት መቶ ሺህ እንኳ የማይሞላ የደሴቶች አገር ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላትን አገር የሚረታ ቡድን ከየት አመጣች የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አልተነሣም። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 2025፣ ያቺው ኬፕ ቨርድ ኢስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ተሳታፊ ሆነች።

ከኬፕ ቨርድ ተጫዋቾች መካከል በርካቶቹ የተወለዱት በደሴቶቹ ላይ ሳይሆን በሮተርዳም፣ በሊዝበን ዙሪያና በፈረንሳይ ከተሞች ነው። ከሁሉም የሚገርመው የተከላካዩ የሮቤርቶ ሎፔዝ ነገር ነው። ሎፔዝ ከአየርላንዳዊት እናትና ከኬፕ ቨርዳዊ አባት ደብሊን ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ የሚጫወተውም በአየርላንድ ሊግ ለሻምሮክ ሮቨርስ ነው። የዚያን ጊዜው የኬፕ ቨርድ አሠልጣኝ ሩይ አጉዋስ በሊንክዲን በፖርቱጋልኛ መልእክት ሲልክለት፣ ተጫዋቹ ቋንቋውን ስለማያውቅና ተራ ማስታወቂያ ስለመሰለው ዝም አለው። ከወራት በኋላ አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ደግሞ ጻፈለት፤ ሎፔዝም እ.ኤ.አ. በ2019 ለአባቱ አገር ተሰለፈ። ማኅበራዊ ሚዲያው እዚህ ላይ ተራ መሣሪያ ነው። ዋናው ነገር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በአውሮፓ ትንንሽ ሊጎች ውስጥ የአገሩን ልጆች ስም መፈለጉ፣ መልስ ሲያጣም ደግሞ መጻፉ ነው።

ኢትዮጵያ በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች አላነሷትም። በሜሪላንድና በቨርጂንያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት፣ በኔታንያ፣ በሪያድና በዱባይ በታዳጊ ቡድኖች የሚጫወቱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጉዳይ በመገናኛ ብዙኃን ሲነሣ ግን ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ወደ አገር ፍቅር ያዘነብላል፤ «እከሌ ለምን የኢትዮጵያን ማልያ አልመረጠም?» ይባላል። በእኔ እምነት ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። አብዛኞቹ እንዲመርጡ አልተጠየቁም፤ የተጠየቁትም ቢሆኑ ጥሪው የደረሳቸው የአገር ቤቱ የዜግነት ሕግና የፊፋ ደንብ ተደምረው መንገዱን ካጠበቡ በኋላ ነው።

በሕጉ እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑ ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ እንደሚሆን ይደነግጋል። የተወለደበት ቦታ ለውጥ አያመጣም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። በአዋጁ አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ደግሞ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይወሰዳል። በሌላ አነጋገር፣ ውጭ አገር የተወለደው ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፣ 19 ሲሞላው ይቆማል። ልጁም ሆነ ቤተሰቡ ይህን ድንጋጌ አያውቁት ይሆናል፤ አለማወቃቸው ግን ውጤቱን አይለውጠውም።

ዜግነቱ አንዴ ከሄደ መልሶ ማግኘት ይቻላል፤ አዋጁ በአንቀጽ 22 መንገዱን አስቀምጧል። ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖሪያውን እዚያ ማድረግ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት መተውና ማመልከት አለበት። ለጡረታ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው ይህ ምክንያታዊ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። በማልሞ ወይም በዩትሬክት ለክለቡ በየሳምንቱ ለሚሰለፍ የ22 ዓመት ወጣት ግን ከሥራህ ልቀቅ ከማለት አይለይም። በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውና በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያም እዚህ ላይ አይረዳም። መታወቂያው ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትንና የመሳሰሉትን መብቶች ይሰጣል፤ ባለቤቱ ግን በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ እንደሆነ ይቀጥላል። ፊፋ ደግሞ የሚጠይቀው ዜግነትን ነው፣ ማስረጃውም ፓስፖርት ነው።

የፊፋ ደንብ ባለፉት ሃያ ዓመታት ደጋግሞ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለአንድ አገር በታዳጊ ደረጃ የተጫወተ ሰው እስከ 21 ዓመቱ ብሔራዊ ቡድን እንዲቀይር ተፈቀደ፤ በ2009 ደግሞ በአልጄሪያ ጠያቂነት የዕድሜ ገደቡ ተነሣ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2020 ሲሆን፣ ለዚህም ብዙ የተነገረለት ምሳሌ ሙኒር ኤል ሃዳዲ ነው። ሙኒር በ2014 ለስፔን ዋናው ቡድን ከመቄዶንያ ጋር በተደረገ የማጣሪያ ጨዋታ ለጥቂት ደቂቃዎች ተቀይሮ በመግባቱ ብቻ ለሞሮኮ እንዳይጫወት ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል። አዲሱ ደንብ በዋናው ቡድን ከሦስት የማይበልጡ ጨዋታዎችን ያደረገ፣ እነዚህንም 21 ዓመት ሳይሞላው የተጫወተ፣ በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ያልተሰለፈና ሦስት ዓመት የጠበቀ ተጫዋች እንዲቀይር ይፈቅዳል።

ለኢትዮጵያ ልጆች ወሳኙ ነገር ግን እምብዛም የማይጠቀሰው ሌላው ሁኔታ ነው። ደንቡ ተጫዋቹ ለመጀመሪያው አገር በኦፊሴላዊ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ የሁለተኛውን አገር ዜግነት አስቀድሞ ይዞ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ ይጠይቃል። ይዞ ከነበረ መንገዱ ሰፊ ነው። ካልነበረው፣ ለመጀመሪያው አገር በታዳጊ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰለፍ 21 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት፤ በዋናው ቡድን የነጥብ ጨዋታ ላይ ከተሰለፈ ደግሞ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ኬፕ ቨርድ በትውልድ የተገኘ ዜግነት ሌላ ፓስፖርት ስለተያዘ አይቀርም ስለሚሉ፣ ልጆቻቸው ሲወለዱ ጀምሮ ዜጎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ አያሳስባቸውም። ኢትዮጵያ ግን ዜግነትን የምታቋርጥ አገር በመሆኗ፣ የፊፋ ደንብ ለሌሎች የከፈተውን በር የእኛው አዋጅ ለእኛ ልጆች መልሶ ይገፋዋል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። ስቶክሆልም ውስጥ የተወለደ ልጅ አለ እንበል። ሲወለድ እናቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛ ነበር፣ አባቱ የስዊድን ዜግነት ወስዷል። ልጁ በሕገ መንግሥቱ ኢትዮጵያዊ፣ በአባቱ በኩል ስዊድናዊ ሆኖ ያድጋል። በ16 ዓመቱ ስዊድን ከ17 ዓመት በታች ቡድኗ ውስጥ ጠርታው በአውሮፓ ማጣሪያ ይሰለፋል። በዚያች ቀን በሕጋችን ገና ኢትዮጵያዊ ስለሆነ፣ ወደፊት ለኢትዮጵያ ልጫወት ቢል የፊፋ ሰፊው መንገድ በመርሕ ደረጃ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ልደቱ በኤምባሲ ካልተመዘገበና ምንም የኢትዮጵያ ሰነድ ከሌለው ይህን በምን ያስረዳል? በ19 ዓመቱ አዋጁ ዜግነቱን ያቋርጥበታል። በ20 ዓመቱ ስዊድን ከ21 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ሳታካትተው ስትቀርና የኢትዮጵያ አሠልጣኝ ስሙን ሲሰማ፣ ልጁ የስዊድን ፓስፖርቱን መመለስ፣ አዲስ አበባ መኖሪያ መያዝና ማመልከቻ ማስገባት ይጠበቅበታል። ከመወለዱ በፊት እናቱም ስዊድናዊት ሆና ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከመጀመሪያውም ኢትዮጵያዊ አልነበረምና በጠባቡ መንገድ ብቻ ይቀራል፤ ለስዊድን በ21ኛ የልደት በዓሉ ማግስት አንድ የታዳጊ ማጣሪያ ጨዋታ ቢያደርግ ነገሩ ያበቃል። በአውሮፓ ከ21 ዓመት በታች የሚባለው ውድድር ዕድሜን የሚለካው ማጣሪያው ሲጀመር በመሆኑ፣ 22 እና 23 ዓመት የሞላቸው ልጆች የሚሰለፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፓስፖርቱን ቢመልስስ? የአውሮፓ እግር ኳስ የሥራ ገበያ ለዚህ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በኔዘርላንድስ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተጫዋች ክለቡ ከሊጉ አማካይ ደመወዝ በእጅጉ የሚበልጥ ዝቅተኛ ክፍያ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ለ18 እና ለ19 ዓመት ወጣቶች መጠኑ ቢቀንስም እንኳ ለታናናሽ ክለቦች አይቀመስም። በሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት፣ በተሻለ ቡድን ለመታየት የሚጥር ወጣት የስዊድን ወይም የጀርመን ፓስፖርቱን ቢመልስ ራሱን ከገበያ ያወጣል። እሱን ለአገሩ ፍቅር የለውም ማለት ቀላል ነው፤ በገዛ እጁ መተዳደሪያውን እንዲያቋርጥ የተጠየቀ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

በነገራችን ላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያድጉ ልጆች ይህ ችግር የለባቸውም። ሳዑዲ አረቢያም ሆነች የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እዚያ ለተወለደ የውጭ አገር ሰው ልጅ በቀላሉ ዜግነት ስለማይሰጡ፣ ጅዳ ወይም ሻርጃ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሁለቱም አገሮች በአገራቸው የተወለዱ ወይም የሚኖሩ የውጭ ዜጎች በሊጎቻቸው እንዲመዘገቡ ፈቅደዋል። የሕግ መሰናክል በሌለበት በዚህ አካባቢ የሚጎድለው የሚያይ ዓይን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ወደ አውሮፓ የሚያማትርበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ አይደለም።

«ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ጥምር ዜግነት ይከለክላሉ፣ ግን ይጫወታሉ» የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው። የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕግ ኮንጎአዊ ዜግነት ብቸኛ ነው፣ ከሌላ ጋር አይያዝም ይላል፤ ብሔራዊ ቡድኗ ግን በፈረንሳይና በቤልጂየም በተወለዱ ተጫዋቾች የተሞላ ነው። ይህ በዝምታ የሚታለፍ አሠራር ምን ያህል ስስ እንደሆነ የታየው በ2025 መጨረሻ ላይ ነው። ኮንጎ በራባት በተደረገው የዓለም ዋንጫ የማጣሪያ ጨዋታ ናይጄሪያን በፍጹም ቅጣት ምት ካሸነፈች በኋላ፣ የናይጄሪያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተጋጣሚው ያሰለፋቸው አንዳንድ ተጫዋቾች በራሷ በኮንጎ ሕግ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም በማለት ለፊፋ አቤቱታ አቅርቧል። ክርክሩ የፊፋ መመዘኛ ፓስፖርቱ ነው ወይስ ከፓስፖርቱ ጀርባ ያለው ሕግ የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ሕጉን እንዳለ ትታ በተዘዋዋሪ መንገድ ፓስፖርት ብታድል፣ በጠፋ ነጥብ የተቀጣ ቡድን ምን እንደሚመስል ዋልያዎቹ ያውቁታል። በ2014 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከቦትስዋና ጋር በሁለት ቢጫ ካርድ መሰለፍ ያልነበረበት ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ያ ስሕተት የመዝገብ አያያዝ ጉድለት ነበር፤ የዜግነት ማስረጃ ደግሞ ከቢጫ ካርድ ቆጠራ ይልቅ የተወሳሰበ ነው።

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ እንምጣ። ከትውልደ ኢትዮጵያውያን መካከል በዓለም መድረክ ከሁሉም በላይ የገነነችው ወንድ አይደለችም። ናኦሚ ግርማ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደች። ኳስ የጀመረችው አባቷና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ለማኅበረሰቡ ልጆች ባቋቋሙት «ማለዳ» በተሰኘ ስብስብ ውስጥ ነው። ቤተሰቦች ተሰብስበው ትልልቆቹ እያወሩ ልጆቹ ሜዳ ላይ የሚሯሯጡበት ዓይነት ነገር ነበር። ከዚያ ወደ ትልቅ የታዳጊዎች ክለብ፣ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በአንደኛነት ተመርጣ ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደች፤ በ2024 በፓሪስ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በጃንዋሪ 2025 ቼልሲ ሲያስፈርማት በሴቶች እግር ኳስ ዝውውር አንድ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ ክፍያ የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆነች። የአሜሪካ ታዳጊ ቡድኖች ገና በልጅነቷ ስላዩአት፣ ለሉሲዎቹ (ለኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን) ትጫወት ነበር ብሎ መቆጨት ከእውነታ የራቀ ነው። የእሷ ታሪክ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ዲያስፖራው በራሱ ተነሣሽነት ልጆችን የሚሰበስብበት ሜዳ አለው፣ ከዚያ ሜዳ ላይ አሜሪካኖች ለይተው ወስደዋል።

ቴዎዶር ገብረሥላሴም እንዲሁ ነው። በቼክዋ ትሬቢች ከተማ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከቼክ እናት የተወለደው የመስመር ተከላካይ ለቼክ ዋናው ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው በ2011፣ በ24 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ በአውሮፓ ዋንጫ ላይ አበበ፣ ወደ ቬርደር ብሬመንም ተዛወረ። እስከ 24 ዓመቱ በዋናው ቡድን ያልታሰረ ተጫዋች ነበር ማለት ነው። በእስራኤል ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እስከ መሆን የደረሰው ኤሊ ዳሳ አለ። እነዚህ ሁሉ ባደጉበት አገር የተፈለጉ ናቸው፣ ባይመጡም አይፈረድባቸውም።

ይበልጥ የሚያሳስበው በመካከል የሚቀረው ነው። ጌድዮን ዘላለም በ1997 በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ ሜሪላንድ ሄዶ በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የታዳጊ ክለቦች ሲጫወት አንድ የአርሰናል መልማይ አይቶ ወደ ለንደን ወሰደው። በጃንዋሪ 2014 በኤፍኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር ለአርሰናል ዋናው ቡድን ሲሰለፍ ገና 16 ዓመቱ ነበር። በጀርመን ታዳጊ ቡድኖች ተጫወተ፤ በአባቱ በኩል አሜሪካዊ ዜግነት ካገኘ በኋላም በሜይ 2015 ፊፋ ፈቀደለትና በኒውዚላንዱ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ። በ2017 በተመሳሳይ ውድድር ላይ ጉልበቱን ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድስና በአሜሪካ ክለቦች ቢጫወትም፣ ለየትኛውም አገር ዋና ብሔራዊ ቡድን ሳይሰለፍ ቀረ። በ17 ዓመቱ ሦስት አገር ሊጫወትላቸው ይችላል ይባልለት የነበረ ልጅ በመጨረሻ የአንዱንም ዋና ማልያ አልለበሰም። ዋልያዎቹ የሚያስፈልጋቸው ተጫዋች ከናኦሚ ወይም ከቴዎዶር ይልቅ ይህን ይመስላል፤ ያደገበት አገር ገና በ16 ዓመቱ ጠርቶ በ21 ዓመቱ የረሳው፣ ነገር ግን በሙያው ያደገ ልጅ። ሮቤርቶ ሎፔዝም ቢሆን አየርላንድ የምትሻማበት ተጫዋች አልነበረም።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉትን ጨርሳ አልጠራችም ማለት አይደለም። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ስብስብ ውስጥ በስዊድን ሲሪያንስካ ይጫወት የነበረው ዩሱፍ ሳላህና ድሬዳዋ ተወልዶ በሚኒሶታ ያደገው፣ በአሜሪካ ታዳጊ ቡድኖች የተጫወተው ፉአድ ኢብራሂም ነበሩ። ቀጥሎም ሳዑዲ አረቢያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው፣ ለስዊድን ታዳጊ ቡድን ተሰልፎ የነበረው ተከላካይ ዋሊድ አታ ለዋልያዎቹ ተጫውቷል። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ዩሱፍና ዋሊድ፣ የመጡት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ማብቂያ ላይ ነው። ውድድር ሲቃረብ ወይም አዲስ የውጭ አሠልጣኝ ሲመጣ ስም ይፈለጋል፣ ጥቂት ሰዎች ይመጣሉ፣ አሠልጣኙ ሲሄድ ግንኙነቱም ይቋረጣል። በዚህ አካሄድ የሚገኘው የተጠናቀቀ ተጫዋች ነው፤ ቡድኑ ግን አብሮ አድጎ አያውቅም።

ከአገር ቤት የሚነሣው ቅሬታም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የ2013ቱን ትኬት የቆረጡት በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሥር የአገር ውስጥ ሊግ ያፈራቸው ልጆች ናቸው። በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፈው በኦክቶበር 2012 አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 የረቱት፣ ግቦቹንም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ያስቆጠሩት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ የለፋ ተጫዋች በመጨረሻው ሰዓት ከውጭ የመጣ ሰው ቦታውን ሲይዝበት መከፋቱ ተፈጥሯዊ ነው። ይህ ቅሬታ ግን በራሱ የዘገየ ጥሪ ውጤት ነው። ከ17 ዓመት በታች ቡድን ጀምሮ በሴካፋ (በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ውድድሮች አብሮ የተጫወተ፣ አማርኛው ቢሰባበርም የመልበሻ ክፍሉን ቀልድ የሚያውቅ ልጅ ባይተዋር አይሆንም። ሞሮኮ በ2022 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ በውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ፤ ማድሪድ የተወለደው ሃኪሚና ካዛብላንካ ዙሪያ ያደጉት ልጆች በአንድ ቡድን ሲጫወቱ ልዩነት ያልታየው፣ ፌዴሬሽኑ በአውሮፓ ቋሚ መልማዮች አስቀምጦ ልጆቹን ከታዳጊነታቸው ጀምሮ ስለሚከታተል ነው። እንዲያም ሆኖ የሞሮኮዊ አባት ልጅ የሆነው ላሚን ያማል ለስፔን ሄዷል። ፍለጋ ሁሉንም አያስገኝም።

ሕጉን መለወጥ የፌዴሬሽኑ ሥልጣን አይደለም፤ ጥምር ዜግነትም ከኳስ እጅግ የሰፋ የፖለቲካና የጸጥታ ክርክር ያለበት ጉዳይ ነው። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ስትፈቅድ ስለ እግር ኳስ ብላ አልነበረም፤ ብሔራዊ ቡድኗ ግን ዴንማርክ ተወልዶ ያደገውን ዳንኤል አንየምቤን የመሰሉ ልጆችን ያለ ውዝግብ ለማሰለፍ ችላለች። በእኔ አመለካከት ለስፖርተኞች ብቻ የተለየ ዜግነት መፍጠር አደገኛ አቋራጭ ነው። ጎል ያገባ ሰው ፓስፖርት አግኝቶ ሠላሳ ዓመት ሐዋላ የላከ ሰው የሚከለከልበት ሕግ ለማንም ሊያስረዱት አይቻልም። ይልቅ የአንቀጽ 20 የአንድ ዓመት ገደብ ቢነሣና በትውልድ የተገኘ ዜግነት ሌላ ፓስፖርት ስለተያዘ ብቻ እንዳይቋረጥ ቢደረግ፣ ከእግር ኳሱ የሚሰፋውም ጥያቄ አብሮ መልስ ያገኛል።

አዋጁ እስኪሻሻል ድረስም በአሁኑ ሕግ ውስጥ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉም ግን ልጁ 19 ዓመት ከመሙላቱ በፊት የሚሠራ ነው። ኤምባሲዎች ከኢትዮጵያዊ ወላጅ የተወለዱ ልጆችን ልደት እንዲመዘግቡና ማስረጃ እንዲሰጡ ማድረግ ከሁሉም ይቀድማል፤ ያ አንድ ወረቀት ከዓመታት በኋላ በፊፋ ፊት «ያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ነበርኩ» ለማለት የሚያስችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ በተለያዩ ከተሞች የሚያዘጋጀው ውድድር፣ በአውሮፓ ያለው አቻውም፣ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው የሚገኙባቸው መድረኮች ናቸው። እዚያ የሚጫወቱት በአብዛኛው ጎልማሶች ቢሆኑም፣ የትኛው ልጅ የት ክለብ ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት ወላጆች ከሜዳው ዳር ከእንጀራውና ከቡናው አጠገብ ተቀምጠዋል። አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ቢዞር በሳምንት ውስጥ የሚሰበስበው ስም፣ በየአሠልጣኙ ለውጥ ከሚጠራቀመው ይበልጣል። ልጁ በአሜሪካ ወይም በጀርመን ታዳጊ ቡድን ቢጠራም መከልከል የለበትም፤ የታዳጊ ጨዋታ ብቻውን አያስርምና። ማወቅ የሚገባው ግን በየትኛው ጨዋታ ላይ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ የትኛው በር እንደሚዘጋ ነው። ይህን ለቤተሰቡ በአማርኛ አስረድቶ የሚነግር ሰው የማሰማራት ኃላፊነት የፌዴሬሽኑ ነው።

ሞሮኮ፣ ስፔንና ፖርቱጋል በጋራ በሚያዘጋጁት የ2030 የዓለም ዋንጫ ጊዜ 19 ዓመት የሚሞላው ልጅ የተወለደው በ2011 ነው። ያ ልጅ ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በስቶክሆልም በታዳጊ ክለቡ ውስጥ ነው፤ የአውሮፓ ከ17 ዓመት በታች ማጣሪያዎች የሚጀምሩበትም ዕድሜው እየተቃረበ ነው።